ስለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሥራና ስለ ልጆቻችን እንጀራ

አባት ለልጁ የሚመኝለት ሥራ በአገራችን ቍጥሩ የታወቀ ነው። ሐኪም ይሁንልኝ፤ ዳኛ ይሁንልኝ፤ መሐንዲስ ይሁንልኝ፤ ይህም ባይሆን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ይዞ በየወሩ ደመወዙን ይቀበል ይላል። ምኞቱም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በዚህ ዘመን ከነዚህ ጋራ ያልተቈጠረ አንድ ሥራ በየቤታችን ገብቶ ልጆቻችንን ይጠራቸዋል፤ ይኸውም በኮምፒዩተር ሥዕልን የማንቀሳቀስ፥ በሲኒማም ውስጥ ያልነበረውን ነገር እንደ ነበረ አድርጎ የማሳየት ጥበብ ነው። የፊተኛውን ባለሙያዎቹ ሞሽን ግራፊክስ፥ የኋለኛውን ቪዥዋል ኢፌክት ይሉታል።

በወላይታ ሶዶ ከተማ ኦቶና የተባለው ሠፈር ስሙ የሚነሣው ከሆስፒታሉ ጋራ ነው። ሆስፒታሉም ዛሬ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። በዚያ ሠፈር ላደገ ልጅ ነጭ ካፖርት የደረበ ሰው ሲገባና ሲወጣ ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ስለ ሆነ፥ ወላጆቹ «አንተም ተምረህ እንደ እርሱ ትሆናለህ» ቢሉት አያስደንቅም። እንግዲህ ይህ ልጅ አንድ ማታ ከእራት በኋላ «አባባ፥ እኔ የምወደው ሐኪም መሆን አይደለም፤ የዳሞታ ተራራ ከጉም ውስጥ ሲወጣ፥ ፈረሰኞችም ሲወርዱበት በኮምፒዩተር ሠርቼ ማሳየት ነው» ቢል አባቱ ምን ይመልሳል? ብዙዎቻችን የምንመልሰው የታወቀ ነው፤ «ይህ ጨዋታ ነው፤ እንጀራ አይሆንም» እንላለን። እኛ ዛሬ ይህን ቃል ልንመረምረው ፈቀድን። ልጅ ስንልም ወንዱን ብቻ ማለታችን እንዳይደለ ከታች የሚነገረው ያስረዳል። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ሥራው ምን እንደ ሆነ እንናገር። በሲኒማ ውስጥ በእውነት የሚንቀሳቀስ ሥዕል የለም፤ እያንዳንዱ ሥዕል ቆሞ የሚቀር ነው። ነገር ግን በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ተከታትሎ ያለፈ እንደ ሆነ ዓይናችን ለያይቶ ሊያየው ስለማይችል፥ ሰውየው የሄደ ፈረሱም የጋለበ ይመስለናል። ስለዚህ የአንድ ደቂቃ ሲኒማ 1,440 ሥዕል ነው። በእጃቸው የሚሥሉት ሰዎች ድካማቸውን ለማቅለል አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ያሳዩታል፤ ያን ጊዜም ቢሆን ለአንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ያስፈልጋል። ዛሬ ከዚህ ድካም ብዙው በኮምፒዩተር ይቀልላል እንጂ አይጠፋም። ተዋናዩ በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት ይቆማል፤ ኮምፒዩተሩም አረንጓዴውን ቀለም ለይቶ ያወጣና በስፍራው ባሕር ወይም ተራራ ወይም የጦር ሰፈር ይገባበታል። መጋረጃ ያልተዘረጋ እንደ ሆነ ግን ሠራተኛው የሰውየውን ዙሪያ በያንዳንዱ ሥዕል ላይ እየከበበ በእጁ ይለየዋል። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ከወዴት እንደ መጣ፥ ጥላው ወዴት እንደሚወድቅ፥ አቧራው ምን ያህል እንደሚነሣ መታሰብ አለበት። ጥላው የተሳሳተ እንደ ሆነ ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቀው «ይህስ ውሸት ነው» ይላል።

ሞሽን ግራፊክስ የተባለው ደግሞ ፊደልን፥ ካርታን፥ የቍጥር ሰንጠረዥን እያንቀሳቀሰ ነገርን የሚያስረዳ ነው። ይህን ስም ካስለመዱት ሰዎች አንዱ ጆን ዊትኒ የተባለው አሜሪካዊ ነው፤ በ1960 ያቋቋመውን ማኅበር በዚሁ ስም ጠራው። ሥዕሉን የሚያንቀሳቅስበትን መኪና የሠራው፥ በጦርነቱ ዘመን የአይሮፕላን መቃወሚያ መድፍ ለማነጣጠር ያገለግል ከነበረ መሣሪያ ነው። መድፉ ከሚያነጣጥርበት ነገር አበባ የመሰለ ሥዕል መውጣቱ እኛን ደስ የሚያሰኘን ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ፈጽሞ ባዕድ ነው የሚል ቢኖር፥ የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በ44 ክፍል ከፍለው በአንድ ሸራ ላይ ያሳዩትን ሠዓሊዎቻችንን ያስታውስ። ንግሥቲቱ በአንዱ ክፍል ስንቋን ታስጭናለች፤ በሚቀጥለው በመርከብ ትሳፈራለች፤ በሌላው ከንጉሡ ማዕድ ትቀርባለች። ዛሬ ሲኒማ የሚሠሩ ሰዎች ካሜራቸውን ሳያነሡ አስቀድመው ታሪኩን በተርታ የሚሥሉበት ወረቀት አሠራሩ ይኸው ነው። ሲኒማው ራሱ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ቴሌቪዥን ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ሰይጣኑ በየሳሎናችን ተቀምጦ ማንም አልደነገጠም።

ከስሙ ይልቅ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። ባለ እጅን መናቅ ከጥንት የያዝነው ክፉ ልማድ ነው። ቀጥቃጩን፥ ሸክላ ሠሪውን፥ ቆዳ ፋቂውን ከማዕድና ከጋብቻ ማራቅ በወላይታም ሆነ በሌላው አገር የታወቀ ነው፤ ሰውየው የሠራውን ማረሻ እየያዙ ሰውየውን መሸሽ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ የወጣበት ዘመን ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ነገር ግን ልጁ «ሠዓሊ ልሁን» ባለው ጊዜ ፊቱ የሚጠቍር አባት ዛሬም አለ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥዕል ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ በከፈቱ ጊዜ ከገንዘብ ማጣት ሌላ ይህን ፊት ማሸነፍ ነበረባቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ እንጀራው ነገር እንመለስ፤ ምስክር የሚሆኑንም የገዛ ወገኖቻችን ናቸው።

ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ መምህርት ነበሩ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከባለቤታቸው ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋራ ሆነው ለትንንሽ ልጆች የሚሆን የቴሌቪዥን ትምህርት ሊያዘጋጁ ተነሡ። ታላቅ ስቱዲዮ አልነበራቸውም፤ የመዠመሪያውን አሻንጉሊት የሠሩት ከእግር ሹራብ ነው። ያች አሻንጉሊት ጸሐይ የምትባል የስድስት ዓመት ቀጭኔ ሆነች፤ «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውም ዝግጅት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እየታየ የብዙ ሕፃናት አስተማሪ ለመሆን በቃ። በ2008 የጃፓን ሽልማት፥ በ2010 ደግሞ ለወጣቶች የሚሰጠው የሮሌክስ ሽልማት ደረሳቸው። ሥራቸው ግን በዚያች ቀጭኔ አልቆመም። ከአሻንጉሊት ወደ ተሣለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ተሻገሩ፤ «ጥበብ ገርልስ» በሚባለው ሥራ ሦስት ልጃገረዶች በልጃገረዶች ላይ የሚደርሰውን ጐጂ ልማድ ሲቃወሙ ያሳያሉ። አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉት የምንፈልገው ይህን ነው፤ ወይዘሮዋ አስተማሪ፥ ድርሰት ጸሐፊ፥ አሻንጉሊት ሠሪ፥ የድምፅ ሰው፥ የኩባንያም አስተዳዳሪ ሆኑ። ከነዚህ አንዱን ብቻ ቢያውቁ ኖሮ ጸሐይ ከሹራብነቷ ባልወጣች ነበር።

ሁለተኛው አቶ እዝራ ውቤ ናቸው። በአዲስ አበባ በ1980 ተወልደው በ18 ዓመታቸው ወደ አሜሪካ ሄዱና ሥዕል ተማሩ። የእርሳቸው አሠራር ለየት ያለ ነው። በአንድ ሸራ ላይ ይሥላሉ፤ ፎቶግራፍ ያነሡታል፤ በዚያው ሸራ ላይ ጥቂት ለውጠው እንደ ገና ይሥላሉ፤ እንደ ገናም ያነሡታል። በመጨረሻ በእጅ የሚቀረው ሸራ አንድ ብቻ ነው፤ በእርሱ ላይ ያለፈው ሥዕል ግን በፎቶግራፉ ውስጥ ሕይወት አግኝቶ ይሄዳል። በ2011 የሠሩት «ሒሳብ» የተባለው ሥራ ሁላችን በልጅነታችን የሳቅንበትን ነገር ይዟል፤ አህያ፥ ውሻና ፍየል በታክሲ ተሳፈሩ። አህያይቱ ሒሳቧን ከፍላለችና መኪና ሲመጣ ከመንገድ አትነሣም፤ ፍየሊቱ ሳትከፍል አምልጣለችና መኪና ባየች ቍጥር ትሮጣለች፤ ውሻው መልሱን አልተቀበለምና እስከ ዛሬ ድረስ መኪናውን ያባርራል። ይህን የሰፈር ቀልድ ይዞ ከኒው ዮርክ ሰዎች ፊት መቆም እንደሚቻል ማን ያስብ ነበር? አቶ እዝራም ሠዓሊ፥ ፎቶግራፍ አንሺ፥ የተንቀሳቃሽ ሥዕል አዘጋጅ ከመሆናቸው በላይ የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫልን መሥርተው የሌሎቹን ሥራ ወደ አዲስ አበባ ያመጣሉ።

እስካሁን የተናገርነው መልካሙን ነው። ክፉውን የሰወርን እንደ ሆነ ግን ወላጆችን ማታለል ይሆንብናል።

የዚህ ጥበብ አባት የሚባለው ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊየስ ምትሃት አሳይ ነበር። ሲኒማ በተወለደ በዓመቱ በ1896 ሥራውን ዠምሮ ከ500 በላይ ፊልም ሠራ፤ በ1902 ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያስኬደው ፊልሙ ስሙን በዓለም ሁሉ አስጠራው። ሆኖም ከስሮ ንብረቱ ሁሉ ተሸጠና በስተርጅናው በፓሪስ በሞንፓርናስ የባቡር ጣቢያ የልጆች መጫወቻ የሚሸጥ ሰው ሆነ። ክብሩ የተመለሰለት በኋላ ነው፤ በ1931 ኒሻን ተሰጠው።

ይህ የጥንት ነገር ነው የሚል ቢኖር የቅርቡን ይስማ። «ላይፍ ኦቭ ፓይ» በተባለው ፊልም ውስጥ በጀልባ ላይ ከልጁ ጋራ የሚታየው ነብር አብዛኛውን ጊዜ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው። ነብሩን የሠራው ሪትም ኤንድ ሂዩዝ የተባለው ማኅበር በ2013 በፌብሩዋሪ ወር መክሰሩን አስታወቀ፤ በዚሁ ወር በ24 ቀን ለዚያው ሥራ ኦስካር ተሰጠ። ሽልማቱን ከተቀበሉት አንዱ የማኅበሩን መከራ ሊናገር ሲዠምር ሙዚቃው ተነሥቶ ንግግሩን አቋረጠበት፤ ከአዳራሹ ውጭም ሥራቸውን ያጡ ባለሙያዎች ተሰልፈው ይጮኹ ነበር። በ2025 ደግሞ ቴክኒከለር የተባለው ታላቅ ኩባንያ ሲወድቅ በለንደን፥ በአሜሪካና በሕንድ አያሌ ሠራተኞች በጥቂት ቀን ውስጥ ከሥራቸው ወጡ። ምክንያቱ የሠራተኞቹ ስንፍና አይደለም። ማኅበራቱ ሥራውን የሚቀበሉት በተቈረጠ ዋጋ ነው፤ የፊልሙ ባለቤት ደግሞ «ይህን ለውጡልኝ፤ ያን ጨምሩልኝ» ማለቱን አይተውም፤ የጨመረውን ድካም የሚሸከመው ሠራተኛው ነው። በቅርቡ ደግሞ ጽሑፍ ሲሰጡት ሥዕል የሚያወጣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣና፥ ቀድሞ ጀማሪዎች ይለማመዱበት የነበረውን ቀላል ሥራ መውሰድ ዠምሯል።

እንግዲህ «እንጀራ አይሆንም» ያለው አባት እውነቱን ኖሯል? ግማሹን እውነት ተናግሯል እንላለን። ሥራው እንጀራ የማይሆነው አንድ መኪና፥ አንድ ፕሮግራም፥ አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ነው።

ፊል ቲፔት የተባለውን አሜሪካዊ እንመልከት። ይህ ሰው ትንንሽ ምስሎችን በእጁ ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሰ ፎቶግራፍ በማንሣት በዓለም የታወቀ ነበር። በ1993 ለታየው «ጁራሲክ ፓርክ» የጥንቱን ታላላቅ እንስሶች በዚሁ አሠራር እንዲሠራ ተቀጥሮ ሳለ፥ ሌሎች ሰዎች በኮምፒዩተር የሠሩትን ናሙና አመጡ። አዘጋጁም ኮምፒዩተሩን መረጠ። ቲፔት ያን ቀን ሙያው እንደ እነዚያ እንስሶች ከምድር የጠፋ መሰለው። ነገር ግን የኮምፒዩተር ሰዎቹ እንስሳ እንዴት እንደሚራመድ፥ ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ እንደሚጥል፥ ከመዝለሉ በፊት እንዴት እንደሚያመነታ እንደ እርሱ አያውቁም ነበርና አሰናብተው አልሰደዱትም። በመገጣጠሚያው ሁሉ ላይ መለኪያ ያለበት ምስል ተሠራለት፤ እርሱና ባልደረቦቹ ምስሉን በእጃቸው ሲያንቀሳቅሱት እንቅስቃሴው ወደ ኮምፒዩተሩ ይገባ ነበር። ለዚያ ፊልም ከተሸለሙት ሰዎች አንዱ ቲፔት ነው። ከዚያም ወዲህ በስቱዲዮው በኮምፒዩተር ሲሠራ ኖረ፤ በ2021 ደግሞ ከ30 ዓመት በፊት በእጁ የዠመረውን ፊልም ፈጽሞ አወጣ። መኪናው ተለወጠ፤ የእንስሳው እግር ግን አልተለወጠም።

ልጁ ከሶዶ ተነሥቶ እስከዚህ ይደርሳል ወይ ለሚሉት፥ ላትቪያ የተባለችውን አገር እንጠቅሳለን። ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን አይሞላም። የዚያ አገር ሰው ጊንትስ ዚልባሎዲስ በ2019 ያወጣውን «አዌይ» የተባለ ፊልም ሥዕሉንም፥ አርትዖቱንም፥ ሙዚቃውንም ብቻውን ሠራው። ቀጥሎ ከጥቂት ባልደረቦች ጋራ ስለ አንዲት ድመትና ስለ ጥፋት ውኃ «ፍሎው» የተባለውን ሠራ፤ በውስጡ አንድም የሰው ቃል አይነገርም። በ2025 ኦስካር ተሸለመ። ፊልሙ የተሠራበት ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው። በ2002 ባለቤቱ የነበረው ኩባንያ በተዘጋ ጊዜ ተጠቃሚዎቹ በሰባት ሳምንት 100,000 ዩሮ አዋጥተው ለሕዝብ ነፃ አወጡት። ስለዚህ በኦቶና ያለ ተማሪና የኦስካሩ ባለቤት የሚሠሩበት መሣሪያ አንድ ነው። የሚለያዩት በልምድ፥ በኤሌክትሪክና በኢንተርኔት ነው፤ ይህም ቀላል ልዩነት ነው አንልም።

በገዛ ከተማው ሥራ ያገኛል ወይ የሚለውም ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ወላይታ ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ዠምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ናት። መሥሪያ ቤት በበዛበት ስፍራ ማስታወቂያ፥ ካርታ፥ ገና ያልተሠራውን ሕንፃ እንደ ተሠራ አድርጎ የሚያሳይ ሥዕል፥ ለገበሬ ትምህርት የሚሆን አጭር ፊልም ይፈለጋል። ሆስፒታሉስ? ልብ ደምን እንዴት እንደሚገፋ፥ ሕፃን በማኅፀን እንዴት እንደሚዞር ለተማሪ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ማስረዳት፥ ለነፍሰ ጡር እናት ደግሞ በወላይትኛ እየተናገሩ ማሳየት፥ ቃል ብቻ ሊያደርገው የማይችለው ነገር ነው። «ሐኪም ሁንልኝ» ያለው አባት ልጁ ሐኪም ሳይሆን ሐኪሞችን ሲያስተምር ቢያይ የሚያዝን አይመስለንም። ሠርግ በቪዲዮ ማንሣትም አይናቅ፤ ብርሃንንና የሰውን ፊት ለማወቅ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ በተለይም ሙሽራይቱ የምታለቅስበትን ደቂቃ ማሳለፍ ስለማይፈቀድ። ባለሙያው የጊፋታን በዓል የሚያሳይ ሥዕል ቢያዝዙትም የዱንጉዛን ጥቁር፥ ቀይና ቢጫ መሥመር ከሸማኔው ዘንድ ሄዶ ይቍጠር እንጂ በግምት አይቀባው።

አሁን ለወላጆች ጥቂት የምንመክረው አለን። ኮምፒዩተር ከመግዛት በፊት ልጁን በአንድ ደብተር ይፈትኑት። በደብተሩ ማዕዘን ላይ በያንዳንዱ ቅጠል ጥቂት ጥቂት እየለወጠ አንድ ነገር ይሣል፤ ለምሳሌ እናቱ ቡና ስትቀዳ። በሴኮንድ 12 ቅጠል ብንቈጥር ለአሥር ሴኮንድ 120 ቅጠል ይሆናል። በመዠመሪያው ቀን ሁሉም ልጅ ደስ ብሎት ይሥላል፤ በሦስተኛው ቀን ቡናው ገና ከስኒው ሳይደርስ የሚሰለቸው ይበዛል። 120ኛውን ቅጠል ጨርሶ «የጀበናው አንገት ተንቀጥቅጧልና እንደ ገና ልዠምር» የሚል ልጅ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ገንዘብ ማውጣት ይገባል።

ሁለተኛ፥ ከትምህርት ቤቱ አያስቀሩት። ብርሃንና ጥላ ፊዚክስ ነው፤ የኮምፒዩተሩ ሥዕል ጂኦሜትሪ ነው፤ መማሪያው ሁሉ የተጻፈው በብዛት በእንግሊዝኛ ነው። ታሪክና ተረት ደግሞ ከአያቱ ይስማ፤ «ሒሳብ» የመጣው ከሶፍትዌር አይደለም። በአማርኛ ፊደል፥ በወላይትኛም ጽሕፈት አሳምሮ መጻፍን ይልመድ፤ ፊደል በመስኮት ላይ ሲሮጥ የተበላሸ ቅርጹ ይበልጥ ይታያል።

ሦስተኛ፥ ውል መጻፍን ያስተምሩት። በዚህ ነገር የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አባት ከማንም ይልቅ ይረዳል። ሥራው ምን ያህል ደቂቃ እንደ ሆነ፥ ስንት ጊዜ በነፃ እንደሚታረም፥ ከዚያ በላይ ለሚደረገው እርማት ምን ያህል እንደሚከፈል፥ ሳይዠመርም ምን ያህል ቅድሚያ እንደሚሰጥ በወረቀት ይስፈር። ነብሩን የሠሩት ሰዎች የጐዳቸው አንዱ ነገር ይኸው እርማት ነው። የድርሰትና የሥዕል መብትም በአዋጅ ቍጥር 410/1996 የተጠበቀ ስለ ሆነ፥ ሥራው በመጨረሻ የማን እንደሚሆን በውሉ ይጠቀስ።

ለእመቤቶች ደግሞ አንድ ልመና አለን። ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን አስልቶ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው፤ አንዱ ሥዕል ብቻ ደቂቃዎች፥ አንዳንድ ጊዜም ሰዓት ይፈጃል። ልጁ ተኝቶ ሳለ መኪናው ሲያጕረመርም የሰማች እናት ለመብራት ሒሳብ አስባ ገመዱን የነቀለች እንደ ሆነ የሌሊቱ ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መብራት ኀይል በራሱ ጊዜ የሚያቋርጠው ይበቃልና፥ እባክዎ ከመንቀልዎ በፊት ልጁን ይቀስቅሱት።